አምስት ሽማግሌ የሚችል ሞተር

ቆቦ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለራዊያ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ሪዝቅሽን ያስፋልሽ፣ ሰው መሃል ያኑርሽ። የቆቦ ፀሐይ ያሳደገሽ ስለሆንሽ የሻርጃው ሙቀት ይጎዳሻል ብዬ አልሰጋም፤ የምሰጋው ብቻሽን ስለመብላትሽ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሚስቴ ዓሊማም ደህና ናት፤ ይህን ወረቀት በስልኳ አንስታ የምትልክልሽ እሷ ናት። ድምፅ ላክልኝ እንዳትይኝ። ባለፈው በድምፅ የላክሁልሽ ሰላምታ ውስጥ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ገብቶበታል። ወረቀት ሰው ያስከብራል፤ አንቺም በወረቀት መልሺልኝ።

ወሬዬ ይህ ነው። እግሬ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ስላለኝ ሚኒባሷን ሸጥኳት። ከወልድያ አላማጣ ስንመላለስ አብረን አረጀን፤ ገዢው ይዟት ሲሄድ እስክትሰወር ድረስ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዓሊማ ለኔ ሲሆን እንዲህ ቆመህ አታውቅም ብላ እስከ ዛሬ ታኮርፋለች። አሁን ኦቶማቲክ የቤት መኪና ልገዛ ነው። ሙሽራ ልወስድበት፣ የተከበረ ሰው ልሸኝበት፣ ግራ እግሬንም ላሳርፈው። የዋጃውን ወዳጄን ኪሮስን ታውቂዋለሽ፤ ዘመዱ አዲስ አበባ መኪና ያሻሽጣል። ሦስት አገኘልን፤ ስማቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ፣ ያውም አንቺ ሻርጃ ቆመሽ የምትሸጪው ዓይነት። ሞተራቸው ግን ይለያያል። ቀዩ ሁለት ሺህ ሲሲ ነው፤ ጣሪያው ይከፈታል፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ጎማው ሰፋፊ። ነጩ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፤ ወንበሩ ጨርቅ። ግራጫው ደግሞ ባትሪ ያለው፣ ሃይብሪድ የሚሉት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ቀዩ ላይ ነው። የቱን ልግዛ?

ሌላም አለ። የጎብዬው መህዲ ሽማግሌ ልኮብሻል። የመስኖ ፓምፕ የሚጠግነው መህዲ፤ ባለፈው ለዕረፍት ስትመጪ የእኛን ፓምፕ ሲፈታ አጠገቡ ተቀምጠሽ መፍቻ ስታቀብዪው የዋልሽው። አምስት ሆነው መጡ፤ አፈ ጉባኤያቸው አብዱሰመድ ነው። ወጉን ታውቂዋለሽ፣ እሺ እስኪባሉ እህል አይቀምሱም። ዓሊማ ያቀረበችውን ሳይነኩ ተነሱ። እኔም የቤቱ ትልቅ እናቴ ስለሆነች ዞብል ወጥታችሁ ኡሙሃኒን ጠይቁ ብዬ ሸኘኋቸው። እናቴ ደግሞ አንቺ ካላልሽ እሺ አትልም። ምን ልበላቸው?

አጎትሽ ታሂር

ሻርጃ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለታሂር።

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎም፣ ዓሊማም፣ ዞብል ያለችው አያቴም እንዴት ከረማችሁ? ለጉልበትዎ አላህ ሺፋውን ይስጥዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻዬን አልበላም፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ሱዳናውያን ሳህኔ ላይ እጃቸውን ሳይሰዱ ቀን አይመሽላቸውም።

አጎቴ፣ ቀዩን አይግዙ። እኔ ቀን ሙሉ ቆሜ የምናገረው ይህንኑ ስለሆነ አሁን ደንበኛዬ ነዎትና ይታገሡኝ። ሰው መኪና ሲያይ ልብሱን ያያል። ያንኑ ሞተር ተራ፣ መካከለኛና ሙሉ አድርገን እንሸጠዋለን። ሙሉው ጣሪያው ይከፈታል፣ ወንበሩ ይሞቃል ይቀዘቅዛል፣ በሩ ውስጥ መብራት ይበራል፤ ጉልበት ግን አንድ ፍሬ አይጨምርም። እንዲያውም ያ ሁሉ ጌጥ ክብደት ነው፤ ሞተሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ተራው ሙሉውን ትንሽ ይቀድመዋል። የእርስዎ ቀይ መኪና ትንሹ ሞተር ላይ ትልቁ ልብስ የተደረበበት ነው። መቶ ሃምሳ ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። ከቆቦ ዋጃ ሜዳውን ይዘው ሲሄዱ ንጉሥ ያደርግዎታል፤ ዳገት ላይ ሰው ሞልተው ሲወጡ ግን ይጮኻል እንጂ አይሄድም።

ነጩ ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል። አለባበሱ ተራ ነው፣ ሥራው ግን የወንድ ነው። ግራጫው ቤንዚን ሞተሩና የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተጋግዘው ከነጩም ትንሽ ይበልጣሉ፣ ነዳጅም የነጩን ግማሽ ቢጠጣ ነው። ነዳጅ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ለሚውሉ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አይግዙት። ሲታመም ማሽን ገጥሞ ምን እንደሆነ የሚያነብ፣ ባትሪውንም ሳይፈራ የሚከፍት ሰው ያስፈልገዋል፤ ቆቦ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። እኔ እዚህ መሥሪያ ቤቱ አስተምሮኝ አውቀዋለሁ፤ ሩቅ ሆኜ ግን ምን እፈይዳለሁ? ነጩን ይግዙ።

ስድስት ሲሊንደር ያለውም አለ። እዚህ ጎረምሶቹ የሚሻሙት እሱን ነው። ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ዓሊማ ትቀየመኛለች።

ፓምፑስ እንዴት ሆነ? ያን ጊዜ በግራ በኩል ያፈስ ነበር።

ራዊያ

ቆቦ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለራዊያ።

አሰላሙ ዓለይኩም። የዓይኔ ብርሃን፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ማሽላው እየታጨደ ነው፣ ዘንድሮ ወፍም ብዙ አላስቸገረን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ስለ ሞተር ሁሉን ነገርሽኝ፣ ስለ ጠየቅሁሽ ሰው ግን አንዲት መስመር የለችበትም። ፓምፑ ደህና ነው። ማፍሰሱን አቁሟል። ማን እንዳስቆመው አልነግርሽም።

አሁን ልብሽን ያዢና አንብቢ። ኪሮስ ምክርሽን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰውና ቀዩን ለራሱ ገዛው። በዚያው ሳምንት የመህዲ ሽማግሌዎች ዞብል ሊወጡ ቀን ቆረጡ። ኪሮስ መኪናዬ ካልወሰዳቸው አለ፤ እኔም ዳገት ላይ ልሞክረው ካልነዳሁ አልኩ። ዓሊማ ሰምታ፣ «የልጅቷ አጎት የጠያቂዎቹን ሽማግሌ አሳፍሮ ሲሄድ የት አገር ታይቷል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልታየም። ግን መኪናው አማረኝ።

በሁለት መኪና ሂዱ ብዬ ለምኛቸው ነበር። አብዱሰመድ ሞቼ ነው አለ። ቀድማ የደረሰችው መኪና ሰላምታውን ትወስደዋለች፣ ኋላ የደረሰው ሽማግሌ ምን ሊሆን ነው? ማንም ኋለኛ መሆን አልፈለገም። ስለዚህ አብዱሰመድ ከፊት፣ አራቱ ከነጋቢያቸው ከነከዘራቸው ከኋላ ተጠቀጠቁ። ለእናቴ እጅ መንሻ ብለው ደግሞ ማርና አንድ ኩንታል ጤፍ ጫኑ። አብዱሰመድ ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበትን ቁልፍ ከቆቦ ሳንወጣ ተምሮታል፤ መጨረሻው ላይ አድርጎት ጢሙን እያስመታ ተቀመጠ።

ሜዳውን እንዳልሽው ንጉሥ ሆንን። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ እንደ ወፍጮ አገሳ፤ መኪናው ቆመ። ጭነት የያዘ ግመል ከጎናችን አልፎን ሄደ። ባለቤቱ አፋር አንገቱን በመስኮት አስግጎ ሰላም ብሎን አለፈ። ሽማግሌዎቹ ወርደው እኔ ባዶውን አወጣሁት፤ እነሱ በእግራቸው፣ ጋቢያቸውን አቧራ እያለበሱ ደረሱ። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ስታያቸው በሳቅ ዱላዋን ጣለች። ለስድስት ሰው ምሳ አዘጋጅታ ነበር። ቆመው ጠየቋት፤ «ልጄ ገና አልመለሰችልኝም» አለቻቸው። ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ። ያን ሁሉ ምግብ ለጎረቤት አከፋፈለችው። ሳቋ ያን ጊዜ አልነበረም።

አሁን ጥያቄ አለኝ። የነጩ ሞተር ከፍተኛ የመጎተት ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ በስንት ዙር ነው? ግራጫው ደግሞ ረጅም ዳገት ላይ ባትሪው ቢያልቅ ጉልበቱ ምን ያህል ይወርዳል?

አጎትሽ ታሂር

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ራዊያ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ምነው ጠፋሽ? ማልዶ የሚጽፍ እጅሽ ምን ነካው? ክፉ እንዳልሆነ ብቻ ላኪብኝ። እናቴ በየጁምዓው ሰው እየላከች ደብዳቤ መጣ ወይ ትለኛለች። የመኪናው ነገር ይቅር፤ ደህንነትሽን ብቻ።

ታሂር

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ።

ወዓለይኩሙ ሰላም። ይቅር ይበሉኝ፣ ደህና ነኝ። ስለ ግመሉ ሳነብ ደንበኛ ፊት ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አለቃዬ ወረቀቱን ተርጉሚልኝ ብሎ እሱም ሲስቅ ዋለ።

መጀመሪያ ስለ ዳገቱ። መኪናውን አይውቀሱት። አምስት ሽማግሌ፣ አንድ ኩንታል፣ በዚያ ላይ ማቀዝቀዣው፤ እሱም ጉልበት የሚወስደው ከሞተሩ ነው። ዞብል ከፍ ስለሚል አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚን ሞተር ደግሞ አየር ካነሰው ይደክማል። ሌላ ጊዜ ዳገቱ ላይ ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ አብዱሰመድ ቢቆጡም ያጥፉ።

ሁለቱ ጥያቄዎች ግን የእርስዎ አይደሉም። አጎቴ፣ እኔ ካወቅሁዎ ጀምሮ ሞተርን «ትጎትታለች» ወይም «አትጎትትም» ይላሉ እንጂ ስለ ዙር ጠይቀው አያውቁም። ጠያቂውን አወቅሁት። ሽማግሌ ተልኮ መልስ ሳይመጣ በቀጥታ መጻፍ ነውር ስለሆነበት በእርስዎ እጅ እንደጻፈ ገባኝ፤ ጨዋነቱን ወደድኩለት። እንግዲህ ይንገሩልኝ፤ ነጩ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከአራት ሺህ ዙር በላይ ነው፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ሳይፈሩ ማስጮህ ነው። የግራጫው ኤሌክትሪክ ሞተር ግን እንደ እሱ ፓምፖች ነው፤ ገና ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ባትሪው ጨርሶ ባዶ እንዲሆን መኪናው ራሱ አይፈቅድም፤ ረጅም ዳገት ላይ እርዳታው ይቀንሳል፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ መልሶ ይሞላል።

ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አለቃዬ የሽያጩን ክፍል ልስጥሽ አለኝ። ስምንት ዓመት የለፋሁበት ነው። ሰው እዚህ ሞተር ሊገዛ ሲል እኔን ፍለጋ ይመጣል፤ ራዊያ ካላለች አንገዛም ይላሉ። መህዲን እወደዋለሁ፤ እንዲህ ብዬ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ግን ቆቦ መጥቼ ምን እሆናለሁ? ይህ ሁሉ የማውቀው ነገር ከእኔ ጋር ጓዳ ገብቶ እንዲቀር አልፈልግም። የምፈራው ይህን ብቻ ነው።

ራዊያ

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለራዊያ።

አሰላሙ ዓለይኩም፣ አላህ ልብሽን ያሳርፈው። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓሊማ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ኖሮ አለቀሰች፤ እኔም ጉንፋን ይዞኛል።

ለጠያቂው እንዳልሽው ነገርኩት። ስለ ዙሩ የጻፍሽውን በጥሞና ሰማ። የቀረውን ላንብብለት አላንብብለት ብዬ ብዙ አመነታሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አነበብኩለት። «እወደዋለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ተነስቶ ወጣ፣ ውጭ ቆሞ ቆየና ተመለሰ። ከዚያ ተሰናብቶኝ ሄደ።

በሳምንቱ ጎብዬ ሱቁ ሄድኩ። የፓምፕ ዕቃ የሞላበትን ሱቅ ታውቂዋለሽ፣ መርገጫ የለውም። ግማሹን ባዶ አድርጎታል። መደርደሪያውን ጠርጎ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ለብቻ ስቦበታል። የራሱን ዕቃ አንድ ጥግ ቆልሎት እሱ ራሱ ደጅ ተቀምጦ ይሠራል። ይህ ምንድን ነው አልኩት። «የራዊያ ቦታ ነው» አለኝ። ከዚያ የሚከተለውን ጠይቅልኝ አለ፣ ቃል በቃል ልጻፈው፦ ሃይብሪድ ለመመርመር የሚያስፈልገው ማሽን ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ጠረጴዛው ምን ያህል ከፍ ይበል? መኪና ከሥር ለማየት ጉድጓድ ይቆፈር ወይስ ማንሻ ይሻላል? ጉድጓዱን ግን ጀምሮታል፤ እስከ ጉልበቱ ድረስ ቆፍሯል። ከቆቦ እስከ አላማጣ ሃይብሪድ የገዛ ሁሉ ሲበላሽበት መኪናውን ጭኖ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው አለኝ፤ ስማቸውን ጭምር ቆጠረልኝ።

እንግዲህ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቁ ዞብል ይወጣሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሳይበላ የተመለሰ ሽማግሌ ደግሞ አይመጣም፣ ታውቂያለሽ። አላስጨንቅሽም። የሻርጃውን ብትመርጪም ልጄ ነሽ፤ ሽማግሌዎቹንም እኔው አክብሬ እመልሳቸዋለሁ። ግን በምን መኪና ላውጣቸው? ነጩም ግራጫውም እስከ አሁን አልተሸጡም።

አጎትሽ ታሂር

ሻርጃ፣ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለታሂር።

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ ቅዳሜ ዕለት አያቴ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ያንብቡት። ከመሃል መዝለል የለም።

በመጀመሪያ ግራጫውን ይግዙ። ሃይብሪዱን። ነጩን ይግዙ ያልኩዎት እኔ ነኝ፣ አሁንም በሞተርነቱ ነጩ ምንም አይወጣለትም። ቆቦ ውስጥ ግራጫውን የሚያውቅ ሰው የለም ስላልኩ ነው እንጂ ለዞብል ዳገት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሽማግሌ ጭኖ ከቆመበት ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ያነሳዋል፤ ዳገቱ መሃል ቤንዚኑ ይረከባል፤ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ባትሪው በነጻ ይሞላል፣ ፍሬኑም አይግልም። ሲገዙ ከኋላ ወንበር ሥር ባለው የባትሪው አየር ማስገቢያ አቧራ አለመሙላቱን ይዩ። ዞብል አቧራ ስለሆነ በየሳምንቱ ይጠረግ። ላዩ ላይ ጋቢ እንዳይጣልበት፤ አብዱሰመድ ይስሙኝ።

ለጠያቂው ደግሞ፣ ማሽኑ ትንሽ ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። ጠረጴዛው እኔ ቆሜ ክርኔ ላይ የሚደርስ ይሁን፤ ቁመቴን ያውቀዋል። ጉድጓዱን ይተወው፣ ክረምት ውኃ ይሞላበታል፤ ማንሻ ይሻላል።

የሚያውቀው ሰው የለም ያልኩትን ሰርዤዋለሁ። የሚያውቀው ሰው ከኢድ በፊት ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። ለአለቃዬ ዛሬ ነግሬዋለሁ።

አያቴ፣ ሽማግሌዎቹ ይብሉ።

ራዊያ

ቆቦ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለራዊያ።

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የደስታ ደብዳቤ ነው፤ አላህ ደስታሽን ሙሉ ያድርገው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ አፌን ይዤ መክረሜ፣ ይህ ሥራ ከሚኒባስ ሹፌርነት ይከብዳል። ለመህዲ እንኳ የነገርኩት ስለ ጠረጴዛው ብቻ ነው። ጉድጓዱን ሲደፍነው አየሁት፤ ምን እንደተረዳ አላህ ያውቃል።

ግራጫውን ገዝተን አመጣን። አሁንም በሁለት መኪና ሂዱ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ አምስቱም እንደ ልማዳቸው ተጠቀጠቁ። ሳስነሳው ምንም ድምፅ የለም። አብዱሰመድ፣ ታሂር ያንተ ሞተር ገና ከመነሻው ጠፋ ብሎ ሊወርድ በሩን ሲከፍት መኪናው መሄድ ጀምሯል። ከዘራው ደጅ ቀረ። ዳገቱ ላይ ማቀዝቀዣውን አጠፋሁበት፤ የሙሽራዋ ትእዛዝ ነው ስለው ዝም አለ፤ ገና ሙሽራ አለመባልሽ ትዝ ያለው ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው። ባለፈው የቆምንባትን ቦታ አለፍናት። ያን አፋርም ከነግመሉ መንገድ ላይ አገኘነው፤ በዚህኛው ቀደምነው። አምስት ሽማግሌ አንድ ላይ እጁን በመስኮት ሲያውለበልብ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እናቴ ምሳ አዘጋጅታ አብረዋት ዱዓ ከሚያደርጉት አሮጊቶች፣ ከዱበርቶቿ ጋር ተቀምጣለች። ኪሮስም በቀዩ መኪናው ብቻውን ተከትሎን መጥቷል፤ ለእሱ ማርና ቂጣ ለብቻ ቀርቧል። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። አብዱሰመድ ጥያቄውን ለሦስተኛ ጊዜ አቀረበ፤ ያ ሁሉ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። እናቴም «የልጄን ቃል አንብብ» አለችኝ። ከስልኩ ላይ ጀመርኩ። ስለ ባትሪው፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ሳልዘልል። ሽማግሌዎቹ ቆመው የሞተር ትምህርት ሰሙ። የጋቢው ነገር ላይ ስደርስ አብዱሰመድ አንገቱን ደፋ። አንዱ ሽማግሌ ለጎረቤቱ፣ እንግዲህ ተስፋ የለንም፣ እምቢታ ነው እንዲህ የሚረዝመው ሲል ሰማሁት።

የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩ። እናቴ ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። እናቴ ዱላዋን ተመርኩዛ ተነሳች፣ ማስታጠቢያውን ከሰው እጅ ተቀብላ ራሷ የአብዱሰመድን እጅ ልታስታጥብ ሄደች። ያ ግዙፍ ሰው እጁን ዘርግቶ እንባው በጢሙ ወረደ። ከዚያ በኋላ እልልታውን ቆቦ ካልሰሙት ነፋሱ ስላልነፈሰ ነው። በሉ ልጄ፣ በሉ። የሦስት ጊዜውን በአንዴ በሉ። ስንወርድ መኪናው ስንወጣ ከነበረው የከበደ መሰለኝ።

ኒካሁ ከኢድ በኋላ ይሁን ተብሏል። የሙሽራዋን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ፣ ለማንም አልሰጥም።

አጎትሽ ታሂር

ሻርጃ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ።

ወዓለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ከዚህ በላይ የምጽፈው አጣሁ። ስለ አያቴ የጻፉትን ሱዳኖቹ አንድ በአንድ ተርጉሚልን ብለውኝ ስናለቅስና ስንስቅ አመሸን።

አንድ ነገር ግን ልቁረጥ። የሙሽራዋን መኪና የምነዳው እኔው ነኝ። አያቴ ከፊት፣ እርስዎና ዓሊማ ከኋላ። ሽማግሌዎቹ በሌላ መኪና ይምጡ፤ ያውም በሁለት።

ለመህዲ የሚነግሩልኝ ይህን ብቻ ነው፦ ባለፈው እኔ አቀብዬው ውያለሁ፤ እንግዲህ ተራው የእሱ ነው፣ መፍቻውን ይዞ ይጠብቀኝ።

ራዊያ